ሁለት በር ያለው አክሲዮን

ጠዋት ተነስቼ ፊቴን ከመታጠቤ በፊት ስልኬን ከፍቼ ሁለት ዋጋ አያለሁ። አንዱ የአዲስ አበባ ነው፣ ሌላው የናይሮቢ። የአንድ ኩባንያ አክሲዮን ነው፤ በሁለት ገበያ ይሸጣል። ሁለቱ ዋጋዎች ተስማምተው አያውቁም። እንደ ጣውንቶች ናቸው፤ አንዷ ስትስቅ ሌላዋ ታኮርፋለች። የእኔ ልብ ግን ለሁለቱም ይመታል። ሀብታም እንቅልፍ የለውም ሲባል እሰማ ነበር። እኔ ሀብቱ ሳይመጣ እንቅልፌን አስቀድሜ አስረከብኩ።

ድንጋይ ጠራቢ ነኝ። መቀሌ ውስጥ ነጭ ድንጋይ የለበሰ ቤት ካያችሁ፣ እኔ ባልሠራው እንኳ የሠራውን ሰው አውቀዋለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ጢም ካወጣሁ በኋላ ነው፤ አዲስ አበባ የግንባታ ሥራ ላይ ሳለሁ፣ በማታ ትምህርት ቤት፣ ከቤት ሠራተኞችና ከዘበኞች ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተጣብቤ። ስለዚህ የምናገረው ትግርኛ ነው፣ የምጽፈው አማርኛ። እዚህ ጽሑፍ ላይ ሰዎች በአማርኛ ሲናገሩ ብታዩ አብዛኛውን ከትግርኛ ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ አፋቸው ሌላ ነው። ዘግይቶ ፊደል የቆጠረ ሰው ደግሞ አንድ በሽታ አለበት፦ የተጻፈ ነገር ሁሉ እውነት ይመስለዋል። እኔን ከዚያ በሽታ ያዳነኝ መምህር አይደለም። ባንክ ነው።

ከአዲስ አበባ ስመለስ ያጠራቀምኩትን ባንክ አስገባሁ። ደብተሩ ላይ ስሜም ገንዘቤም ተጽፈዋል፤ ጣቴን እያስኬድኩ አንብቤዋለሁ፣ ደስ ብሎኛል። ከዚያ ጦርነቱ መጣና ባንኩ ተዘጋ። ገንዘቡ አልተሰረቀም፣ አልተቃጠለም። አለ፤ ግን የለም። ታላቅ እኅቴ፣ እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ፣ ስኳር ነበረባት። ኢንሱሊን ከከተማው እየጠፋ ሄደ፤ የተረፈውም በእጅ ባለ ብር ብቻ ይሸጥ ጀመር። ደብተሬን ይዤ ባንኩ በር ላይ እሄዳለሁ። ዘበኛው ከደጃፉ ጥላ ስር ተቀምጧል።

"ክፈትልኝ" እለዋለሁ።

"ሓወይ፣ የእኔም ደሞዝ ውስጥ ነው" ይለኛል፤ ወንድሜ ማለቱ ነው።

በማግስቱም እሄዳለሁ፤ በማግስቱም ያንኑ ይለኛል። ኋላ ኋላ መጠየቁንም ተውኩት። አጠገቡ ቁጭ ብዬ አብረን በሩን እናይ ነበር፤ ሁለት ጅሎች። እኅቴ በራሷ አልጋ ላይ ሞተች። ከዚህ በላይ ስለ እሷ አልጽፍም፣ አትጠይቁኝ።

ባንኩ በመጨረሻ ሲከፈት ሰው እልል አለ። እኔ እልል አላልኩም። ወጪ ማድረግ የተፈቀደልኝን እየቆራረስኩ አወጣሁና ማልኩ፦ ሁለተኛ አንድ በር ብቻ ባለው ቤት ገንዘቤን አላስገባም።

እዚህ ላይ ነው ያ ኩባንያ የመጣው። የፋይናንስ ኩባንያ ነው፤ ለእንደ እኔ ዓይነቱ ሰው ማሽን ገዝቶ ያከራያል፣ ኪራዩን ጨርሶ ለከፈለ ማሽኑ የራሱ ይሆናል። እኔም የድንጋይ መቁረጫ ከእነሱ ተከራይቼ ሠርቼበታለሁ። መብራት ጠፍቶ ማሽኑ ቆሞ በነበረ ጊዜ ሰው ልከው አዩ፣ አልተሳደቡም፣ ጊዜ ጨመሩልኝ። አበዳሪ ሆኖ ያልተሳደበ ሰው በሕይወቴ ያየሁት ያኔ ነው።

ግቢዬ ሰሜን ነው፣ ወደ ውቅሮ በሚወስደው መንገድ በኩል። ከኋላ ያለችውን ክፍል ለአንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር አከራይቻለሁ። የሸዋ ልጅ ነው፤ ቀጭን፣ ሰው አክባሪ፣ ሸሚዙን ራሱ የሚተኩስ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ደጃፉ ላይ ያለችው ድንጋይ ላይ ተቀምጠን እናወራለን። ከእሱ ጋር በአማርኛ ነው።

"ጋሼ፣ ያቺ ማሽን ያከራየችዎት ኩባንያ እኮ አዲስ አበባ ገበያ ላይ ተመዘገበች። አክሲዮኗን ማንም መግዛት ይችላል" አለኝ አንድ እሁድ። "ናይሮቢም ተመዝግባለች።"

"ሁለት ቦታ?"

"ሁለት ቦታ። እዚያም ሥራ አላት። ጥሩ ነገር ነው፤ ሁለት ገበያ ላይ ያለ ኩባንያ ሁለት ተቆጣጣሪ ነው የሚያየው። መደበቅ ይከብደዋል።"

ስለ ተቆጣጣሪ ብዙ አወራኝ። እኔ ግን 'ሁለት ቦታ' ከሚለው ወዲህ ያለውን አልሰማሁትም። ዓይኔ ላይ የነበረው የባንኩ በር ነው፣ ያ ብረት። ሁለት ቦታ የሚሸጥ ነገር አንዱ ቢዘጋ በሌላው ይወጣል አልኩ በልቤ። መምህሩን አልጠየቅኩትም። የገባኝን ነገር ለምን እጠይቃለሁ?

ቀዳማይ ወያነ በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ መድኃኒት ቤት በላይ ባለ ፎቅ ላይ፣ አክሲዮን የሚያገበያይ የደላላ ድርጅት ቢሮ አለ። ደላላ የሚባለውን ሰው እኔ የማውቀው ከብት ገበያ ነው፤ የበሬ ጭራ ይዞ በእናቱ የሚምል። ይቺኛዋ ደላላ ወጣት ሴት ናት። ጭራ የላትም፣ ኮምፒውተር አላት፣ አትምልም። ያ አለመማሏ ትንሽ አሳሰበኝ። ሆኖም ገዛሁ፤ ለቤት ማስፋፊያ ያስቀመጥኩትን ሁሉ አስገብቼ ገዛሁ።

ባለቤቴ ቀዳማይ ወያነ ገበያ ሽንኩርትና ድንች ትሸጣለች። እንደገዛሁ በቀጥታ ወደ እሷ ሄድኩ።

"የታለ?" አለችኝ።

"ምኑ?"

"የገዛኸው ነዋ።"

"ስልኬ ውስጥ ነው።"

ሽንኩርት የሚመርጡት ሴቶች ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። "በግ ብትገዛ ይበላል" አለች፣ "ቆርቆሮ ብትገዛ ዝናብ ይከለክላል። የማይበላ፣ የማይጠለሉበት ነገር ገዝተህ መጣህ።"

"ሁለት በር አለው" አልኳት። "አዲስ አበባ ቢዘጋ በናይሮቢ እወጣለሁ።"

"እስኪ በሩን አሳየኝ።"

ስልኩን ዘርግቼ ሁለቱን ዋጋ አሳየኋት። ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ለሚቀጥለው ደንበኛ ድንች መመዘን ጀመረች።

መናገር ያለብኝ ነገር አለ፤ ባለቤቴንም ስኳር ይዟታል። ከጦርነቱ በኋላ ነው የታወቀው። ሐኪሙ ሲነግረን እሷ 'እሺ' ብላ ተነሳች፤ እኔ ከወንበሩ መነሳት አቃተኝ። ኢንሱሊን በየቀኑ ትወጋለች፣ በራሷ እጅ፣ እንደ አዝራር መቆለፍ አድርጋ። እኔ ዞር እላለሁ። አክሲዮኑን የገዛሁት ሀብታም ለመሆን አይደለም። ያ በር እንደገና ቢዘጋ የእሷ መድኃኒት መግዣ በሌላ በር እንዲወጣልኝ ነው። ለማንም አልነገርኩም፣ ለእሷም። ግን ጅል አይደለችም።

መጀመሪያ ላይ ዋጋው ወጣ። ድንጋይ ስጠርብ ቆይቼ መዶሻውን አስቀምጬ ስልኬን አያለሁ፤ አብረውኝ የሚሠሩት 'ባለአክሲዮን ደከመው' ይሉኛል። ስቄ አላውቅም፤ ያን ሰሞን ግን ሳቅኩ።

ከዚያ ወሬው መጣ።

ወሬ እዚህ አገር እንዴት እንደሚመጣ ልንገራችሁ። ማንም ምንም አይልም። በመጀመሪያ የቤንዚን ሰልፍ ይረዝማል። ቀጥሎ ጤፍ የሚገዛ ሰው ከወትሮው አንድ ኩንታል ይጨምራል፣ 'ለድግስ ነው' ይላል፣ ድግስ የለውም። ጀሪካን ይወደዳል። ከዚያ ሰው ሰላም ሲባባል እጅ ለእጅ ትንሽ ቆየት ማለት ይጀምራል። ያኔ ጦርነት ሊመጣ ነው ማለት ነው። ያለፈውን ያላየ ሰው ይህን አይረዳም። ያየው ደግሞ ማስረዳት አያስፈልገውም።

አንድ ጠዋት መምህሩ ሻንጣ ይዞ ወጣ። ትልቁን ሻንጣ። የአውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል።

"ወዴት?" አልኩት።

"እናቴ ትንሽ አሟት... ጋሼ፣ ለጥቂት ቀን ነው።"

"በሻንጣው ግን ዓመት የሚበቃ ልብስ ነው ያለው።"

ፊቱ ቀላ። "ኪራዩን እልካለሁ" አለ።

"ኪራይ ጠየቅኩህ? እናትህን ሰላም በልልኝ።"

ጉንጬን ሳመኝ፤ ከመቀሌ ሰው የተማረው ነው፣ ትከሻ ለትከሻም አጋጨኝ። ታክሲው ወደ ኵሓ መንገድ ሲጠፋ ግቢው ውስጥ ቆሜ ቀረሁ። ኢኮኖሚክስ የሚያስተምር ሰው ሻንጣውን ሲይዝ ሌላ ምን ምልክት ትፈልጋለህ አልኩ ለራሴ። እሱ የአውሮፕላን በር አለው። የእኔ በር የታለ? ስልኬን አወጣሁ።

የአዲስ አበባው ዋጋ ወድቋል። ሲነጋ ካየሁት በታች ነው፤ ቁርስ ላይ ደግሞ ትንሽ ወረደ። የናይሮቢው ግን ባለበት አለ፣ እንዲያውም ከፍ ብሏል። እዚያ ያለው ሰው የእኛን ወሬ አልሰማም፣ ቢሰማም ጉዳዩ አይደለም። ልቤ ረጋ አለ። ይኸው፣ አልኩ፣ አንዱ ሲዘጋ ሌላው ክፍት ነው። ለዚህ ቀን ነበር የገዛሁት። መዶሻዬን ጥዬ በእግሬ ወደ ቀዳማይ ወያነ ወረድኩ።

ፎቁ ደረጃ ላይ ሰው ተደርድሯል። ሁሉም ሊሸጥ የመጣ ነው፤ ማንም ግን ሊሸጥ እንደመጣ አይናገርም። አንድ ጨርቅ ነጋዴ 'እኔ ለማየት ነው' ይላል። 'እኔም ለማየት ነው' ይላል ሌላው። እኔ "እኔ ለመሸጥ ነው" አልኩ ጮክ ብዬ፤ ዞረው በጥላቻ አዩኝ፣ እርቃኔን የቆምኩ ያህል።

ተራዬ ሲደርስ ልጅቷ ቀና አለች። ዓይኗ ቀልቷል።

"እንደምን አደሩ ኣቦይ" አለችኝ፣ እንደ አባቷ።

"ጓለይ፣ ልጄ፣ የእኔን ናይሮቢ ሽጪልኝ።"

"የት?"

"ናይሮቢ። እዚያ ዋጋው ጥሩ ነው። እዚህ ወድቋል። ስለዚህ እዚያ ሽጪው።"

ከኋላዬ ያለው ጨርቅ ነጋዴ "ለእኔም እዚያው!" አለ። ሰው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ እጆቿን ከኮምፒውተሩ ላይ አንስታ ጭኗ ላይ አደረገች። ሐኪሙም ያን ቀን እንደዚያ ነበር ያደረገው።

"ኣቦይ፣ የእርስዎ አክሲዮን የተመዘገበው አዲስ አበባ ነው። በብር ነው የገዙት። እዚህ ነው የሚሸጠው።"

"ኩባንያው አንድ አይደለም?"

"አንድ ነው።"

"ናይሮቢ አይሸጥም?"

"ይሸጣል። እዚያ ያለው መዝገብ ላይ ያለው ነው የሚሸጠው። ከዚህ ወደዚያ ማዛወር ይቻላል፤ ግን ፈቃድ አለው፣ የውጭ ምንዛሬ ሕግ አለው፣ እዚያም ሒሳብ መክፈት አለ። ጊዜ ይወስዳል። የዛሬ ነገር አይደለም፤ የዚህ ወርም አይደለም።"

"አዲስ አበባ ቢዘጋስ?"

"ለምን ይዘጋል?"

"ባንክስ ለምን ተዘጋ?"

ዓይኗን ወደ ኮምፒውተሩ መለሰች። ያን ጊዜ እሷ ትንሽ ልጅ ነበረች፤ ግን መቀሌ ነበረች፤ ታውቃለች።

"እና ሁለተኛው በር ለማን ነው?" አልኳት።

"በር አይደለም እኮ ኣቦይ" አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ማን ነው በር ነው ያለዎት?"

ማንም አላለኝም። መምህሩ አላለኝም፣ እሷም ስገዛ አላለችኝም፣ የትም አልተጻፈም። እኔ ነኝ ያልኩት። የአዲስ አበባ ሰው ይህን አይሳሳትም፤ የናይሮቢም ሰው አይሳሳትም። ሁለት ገበያ ሲሰማ ሁለት በር የሚያይ ሰው፣ በተዘጋ በር ሥር ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። ደረጃው ላይ ፊታቸውን ሳይ ደግሞ ብቻዬን እንዳልሆንኩ ገባኝ። ጨርቅ ነጋዴው ቀልዱን ረስቶ አፉን ከፍቷል። እሱም በሩ አለ ብሎ ነበር የገዛው።

"እዚህ ልሽጥልዎት?" አለችኝ። "ሻጭ ነው የበዛው፣ ገዢ ጥቂት ነው። በምንፈልገው ዋጋ ላይወጣ ይችላል።"

"ቆይ" አልኳት። ወጣሁ።

ወደ ገበያው በእግሬ ሄድኩ። መጀመሪያ ያሰብኩት መሸጥ አይደለም፤ ያሰብኩት እኅቴን ነው። ቀጥሎ ያሰብኩት፣ በወደቀ ዋጋ ሸጬ ነገ ወሬው ወሬ ሆኖ ቢቀርስ የሚል ነው። ሌሎቹ ጠራቢዎች ምን ይላሉ? ይህን ማሰቤ ራሱ አናደደኝ። ሰው ሞት እየፈራ መሳቂያ ስለ መሆን ያስባል።

ባለቤቴ ድንቿን አስተካክላ ተቀምጣለች። ያለ ሰላምታ ነገርኳት፦ በሩ የለም፣ አዲስ አበባ ብቻ ነው፣ ዋጋው ወድቋል፣ ዛሬ ካልሸጥኩ ነገ ገዢ ላይኖር ይችላል፤ ከሸጥኩ ደግሞ ከገዛሁበት በታች ነው።

"እና ምን ላድርግ ልትለኝ ነው የመጣኸው?"

"መድኃኒትሽን አስቤ ነው እንጂ እኔ እኮ..."

"በእኔ አታሳብብ!" አለች። አጠገቧ ያሉት ሴቶች ዞሩ። "በሽታዬን ምክንያት አታድርገው። ዋጋው ነገ ሲወጣ 'በእሷ ምክንያት ከሰርኩ' እያልክ ዕድሜዬን ሙሉ ልትነግረኝ ነው? ፈርተሃል? ፈርቻለሁ በልና ሽጥ። አልፈራህም? ተቀመጥና ድንች መዝን።"

አጠገቧ በርበሬ የምትሸጠው አሮጊት "እውነቷን ነው ወደይ" አለችኝ፣ እንደ ልጇ።

"ፈርቻለሁ" አልኩ።

"እኔም" አለች ባለቤቴ። "ሂድ።"

ተመለስኩ። ሰልፉ ጨምሯል፤ ጨርቅ ነጋዴው አሁንም 'ለማየት' ቆሟል። ልጅቷ ትእዛዙን አስገባች። ከዚያ የመጠበቅ ነገር ሆነ። ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። አንድ የማላውቀው ሰው፣ አዲስ አበባ የሆነ ቦታ ተቀምጦ፣ ይህ ሰው ለምን ይሸጣል ሳይል የእኔን መግዛት አለበት። ካልገዛ አልወጣም። ድንጋይ ስሸጥ ገዢውን አየዋለሁ፤ ፊቱን አይቼ እጨምራለሁ፣ እቀንሳለሁ፣ ቢያስቀይመኝ እተወዋለሁ። ይህን ሰው ግን አላየውም። ፍርሃቴን በርካሽ እየገዛ ነው፤ ምናልባት ቡና እየጠጣ ነው። ጠላሁት። እንዳይሄድም ለመንኩት።

"ግማሹ ወጣ" አለች ልጅቷ በመጨረሻ።

"ሌላውስ?"

"ዛሬ ገዢ የለም ኣቦይ። ገበያው ተዘጋ። ነገ ሰዓቱ ሲደርስ ይከፈታል" አለች በፍጥነት፣ ፊቴን ስታይ። ያቺ 'ተዘጋ' የምትለው ቃል እኔ ላይ ምን እንደምታደርግ ገብቷት ነበር።

አሁን ደግሞ ሌላው መጣ። የተሸጠው ገንዘብ የት እንደሚገባ ታውቃላችሁ? ባንክ። አክሲዮን ሲሸጥ ብሩ በእጅ አይሰጥም፤ ከቀናት በኋላ ባንክ ሒሳብ ውስጥ ይገባል። ከዚያ በር ሸሽቼ ዞሬ ዞሬ እዚያው በር ላይ ቆምኩ። ዘበኛው ያው ዘበኛ ነው፤ ፀጉሩ ነጭ ሆኗል። አወቀኝ።

"ሓወይ! ዛሬ ደግሞ ምን አመጣህ?"

"ብር።"

"ዛሬ እንኳ በሩ ክፍት ነው" አለ፣ "ብሩ ነው ያልመጣው።"

ሁለታችንም ሳቅን፤ ክፉ ሳቅ ነው። ውስጥ ያለው ሰልፍ እስከ ደጃፍ ደርሷል። በየቀኑ ከትንሽ በላይ አይሰጡም፤ ቅርንጫፉ ውስጥ ያለው ብር ለሁሉም አይበቃም። እየሄድኩ እየተመለስኩ፣ በትንሽ በትንሹ አወጣሁ። በእነዚያ ቀናት ማታ ማታ የጦር አውሮፕላን ይሰማ እንደሆነ ሰማዩን አዳምጥ ነበር። ምንም አልነበረም። ውሻ ይጮሃል፣ ባጃጅ ያልፋል። ምንም አለመኖሩ ራሱ ያስፈራል፤ ያኔም ከመጀመሩ በፊት እንደዚሁ ምንም አልነበረም።

ብሩን ይዤ ከደላላው ቢሮ ሥር ካለው መድኃኒት ቤት ገባሁ።

"ያለህን ኢንሱሊን ስጠኝ።"

ባለመድኃኒቱ አየኝ። "ያለኝን ከሰጠሁህ ሌላው ሰው ምን ሊወጋ ነው?"

"እሱን አንተ ታውቃለህ።"

"አይሆንም። ደግሞ ጊዜው ያልፍበታል፤ ቅዝቃዜ ይፈልጋል። መብራት ሲሄድ የት ታደርገዋለህ?"

ተከራከርን፤ ተሰዳደብን ማለት ይሻላል። መጨረሻ ላይ ለጥቂት ወራት የሚሆን ሰጠኝ። ስወጣ "እኔም ስኳር ያለባት እናት አለችኝ" አለኝ። ሳልመልስለት ወጣሁ። መመለስ ነበረብኝ።

ቅዝቃዜው ግን የእኔ ሥራ ነው። በጦርነቱ ዘመን ሰዎች ኢንሱሊን በሸክላ ድስትና በረጠበ አሸዋ ያቆዩ ነበር። እኔ ደግሞ ድንጋይ አለኝ። ከነጩ ድንጋይ አንድ ወፍራም ቁራጭ መርጬ ገንዳ አድርጌ ፈለፈልኩት፣ ውስጡ አሸዋ፣ አሸዋው ውስጥ የሸክላ ማሰሮ፣ ላዩ ላይ እርጥብ ጆንያ። ግድግዳው ጥላ ሥር፣ ነፋስ በሚያልፍበት አስቀመጥኩት። መብራት እስካለ መድኃኒቱ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው፤ ሲጠፋ ወደ ገንዳው ይዛወራል። ባለቤቴ ዞራ አየችው፣ እጇን ማሰሮው ውስጥ አስገባች።

"ቀዝቃዛ ነው" አለች። ቀጥላም "አክሲዮንህ ይህ ነው?"

"ግማሹ።"

"ግማሹ እንኳን በእጅ ይነካል።"

ከዚያ ምንም አልሆነም። ልንገራችሁ፤ ምንም። የቤንዚን ሰልፉ አጠረ። ጀሪካን ረከሰ። ጤፍ ያከማቸው ሰው ነቀዝ እንዳይገባበት መጨነቅ ጀመረ። የአክሲዮኑ ዋጋ በመጀመሪያ ቆመ፣ ከዚያ ወጣ፣ እኔ ከሸጥኩበት አለፈ፣ ከገዛሁበትም አለፈ። ያ ሳይሸጥ የቀረው ግማሽ፣ በሚቀጥሉት ቀናትም ገዢ አጥቶ የቀረው፣ እሱ ነው ያተረፈልኝ። በብልሃቴ የሸጥኩት ከሰረ፤ ሊሸጥ ያልቻለው አተረፈ። በዚህ ላይ ምን ምክር መስጠት እንደሚቻል አላውቅም፤ አልሰጥምም።

ጨርቅ ነጋዴው አንድ ቀን ገበያ አግኝቶኝ ትከሻዬን መታ። "አየህ? እኔ ለማየት ነበር የቆምኩት።"

"እያየህ ትኖራለህ" አልኩት።

መምህሩም ተመለሰ። ትልቁን ሻንጣ ይዞ። እናቱ ደህና ናት፣ ድሮም ደህና ነበረች፤ ይህን እኔም እሱም እናውቃለን። የወይን ዘቢብ ይዞልን መጣ። ባለቤቴ አንድም አልቀመሰችም፤ ለስኳሯ አይሆንም። እሁድ ደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። የሸጥኩትን ነገርኩት፤ በስንት እንደሸጥኩ ሲሰማ ጥርሱን ነከሰ።

"ኧረ ጋሼ፣ ትንሽ ብቻ ቢታገሱ ኖሮ።"

"አንተ እኮ በአውሮፕላን ነው የታገስከው" አልኩት።

እሱም "እውነት ነው" አለ። ከዚያ በኋላ ስለ ተቆጣጣሪ አላወራኝም። ድንጋይ ገንዳውን ሲያይ ምንድነው አለኝ፤ ነገርኩት። ረጅም ጊዜ ቆሞ አየው፣ ጆንያውን በጣቱ ነካው። ሌላ ቀን ከሥራ ስመለስ ውሃ ሲያፈስበት አገኘሁት። አፍስስ አላልኩትም፣ ለምንም ብዬ አልጠየቅኩትም፤ ያፈስሳል።

የቀረውን አክሲዮን ወደ ናይሮቢው መዝገብ ስለ ማዛወር ልጅቷን ጠይቄያታለሁ። 'እንሞክራለን ኣቦይ' አለችኝ፤ የሚሞሉ ወረቀቶች ሰጠችኝ፣ እኔም በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኳቸው፤ ከዚያ ምናልባት እያሉ ሌላ ወረቀት ይጠይቃሉ። እስካሁን አልሆነም። ይሆናል ወይስ አይሆንም፣ እሱን እንኳ አላውቅም። ቢሆን ደግሞ ብሩ ከናይሮቢ ወደ መቀሌ በየት ነው የሚመጣው? በባንክ ነው። ይህን ሳስብ ስልኩን እዘጋለሁ።

አሁንም በየጠዋቱ ሁለቱን ዋጋ አያለሁ። መጀመሪያ ግን ወደ ገንዳው ሄጄ አሸዋው ርጥብ መሆኑን በእጄ አረጋግጣለሁ፤ መብራት ቢኖርም። ባለቤቴ መርፌዋን ጨርሳ ከቤት ትወጣለች፣ ሽንኩርቷን ልትጭን።

"ናይሮቢ እንዴት አደረች?" ትለኛለች።

"ከፍ ብላለች።"

"በሩ ተከፈተ?"

"አልተከፈተም።"

"እንግዲያ ውሃ ጨምርበት" ትላለች፤ እኔም እጨምርበታለሁ።